ስጥ ጠባቂው አባዬ



የዚህ ዕትም አዘጋጆች «ስለ ቤተሰብ አንድ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ ቀድሞ የመጣልኝ የቤታችን ጓሮ ነው። ለምን እንደሆነ ስታነቡ ትደርሱበታላችሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ከተማዬ ትንሽ ልበል።

ዱከምን አብዛኞቻችሁ የምታውቋት በመኪና መስኮት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ ስትወርዱ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ግራና ቀኝ ሥጋ ቤት የተሰለፈባት ከተማ ናት። ለጥሬ ሥጋ ብሎ ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጣባት ሰው ብዙ ነው። ቻይናዎች የገነቡት የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞንም እዚያው ነው። የሁዋጂያን ጫማ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሥራ ፈልጎ የሚመጣው ወጣት በዛ፤ ጓሮ ያለው ሁሉ ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ማከራየት ያዘ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ሥጋ ቤት ባለበት ደግሞ ጥንብ አንሳና ጭልፊት አይጠፋምና ሰማያችን ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ይበዛበታል። እኔ ግን እዚያ ሰማይ ሥር አድጌ ወፍ ብዬ ቀና ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አባዬ የኮምቦልቻ ሰው ነው። 26 ዓመት በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ነድቷል። ዱከም የሰፈረውም ለመንገዱ ብሎ ነው። መኪናውን ዳር አቁሞ ሁለት ሌሊት ያድርና በሦስተኛው ቀን ከሱብሒ በኋላ ሞተሩን አሙቆ ይሄዳል። አዋሽ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ጋላፊ የሚባሉትን ቦታዎች አንዱንም ሳላያቸው በቃሌ የማውቃቸው፣ «የት ደረስክ?» ብለን ስንደውል ከሚመልስልን ነው። ቤት ውስጥ የምናውቀው በሚያመጣልን ነገር ነበር፤ በቴምሩ፣ በሽቶው፣ በሽርጡ። እሱም እኛን የሚያውቀን በዚያው ልክ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ስትሮክ መታው። አልሐምዱሊላህ፣ የደረሰበት መሪ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ደከሙ። ንግግሩ ከወራት በኋላ ተመለሰ፤ ግን በአንደኛ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ሆኖ (ንጽጽሩ የራሱ ነው)። ሕመሙ ከባድ ነበር፤ ከዚያ የማይተናነሰው ደግሞ አብሮ መዋሉ ነው። በእንግድነት የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ቤት ዋለ። እናቴ ምድጃዋ አጠገብ ተቀምጦ የሚያያት ባል ለምዳ አታውቅም። ታናሽ ወንድሜ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ አባዬ ያለበት ክፍል ሲገባ በር ያንኳኳ ነበር።

ቤቱም ለእሱ አልተሠራም። በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ቤት ነው፤ በሩ ላይ ከፍ ያለ ደረጃ አለ፣ መጸዳጃ ቤቱ ጓሮው መጨረሻ ላይ ነው፣ መሐሉ ደግሞ ጥቁር አፈር። የሲቪል ምሕንድስና ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ፤ ትምህርቴ ለቤት የጠቀመው ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነው።

ዱከም ያለችበት የአድአ ሜዳ አፈር ለጤፍ እንደሱ ያለ የለም። ለቤት ደግሞ እንደሱ ያለ ጠላት የለም። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ላዩ ላይ ያለው ቤትም በየዓመቱ አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። ሲሚንቶ እንዲሁ ላዩ ላይ ብታፈስሱበት በዓመቱ ተሰባብሮ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ከመኝታ ቤቱ በር እስከ መጸዳጃ ቤት ያለውን መንገድ ግማሽ ሜትር ቆፍረን፣ ጥቁሩን አፈር አውጥተን፣ ገረጋንቲ ሞልተን እየጠቀጠቅን ነው የሠራነው። ቆፋሪዎቹ አጎቴ፣ እኔና የሰፈር ልጆች ነን፤ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው፣ ከሻይና ከዳቦ ሌላ የበሉት ነገር የለም።

የበሩ ደረጃ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ነበረው። ለደካማ እግርም ለዊልቸርም የሚመከረው ተዳፋት አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ይህም ለ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 3 ሜትር ከ60 ርዝመት ማለት ነው። እናቴ ርዝመቱን ስትሰማ «ቦሌ አየር ማረፊያን ልትሠሩልኝ ነው?» አለች። መንገዱ ዳርና ዳር በወገብ ልክ የውኃ ቧንቧ አስበየድን። መጀመሪያ ያሰብኩት በአንድ ጎን ብቻ ነበር። አጎቴ ግን ግራ እጁን እያወዛወዘ ሄዶ ሲመለስ ነገሩ ገባን፤ የሚይዘው በግራ እጁ ብቻ ነው፣ ሲመለስ ቧንቧው በቀኙ ይቀራል። የብረቱ ወጪ እጥፍ ሆነ።

አባዬ ከሁሉ የወደደው የውዱእ ቦታውን ነው። በብሎኬት የተሠራ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መቀመጫ፣ ፊት ለፊቱ ቧንቧ፣ ከሥሩ ውኃውን ወደ ሎሚ ዛፉ የሚወስድ ቦይ። ያንን ውዱእ በሰው እጅ ሳይታገዝ ያደረገ ቀን ዐሱርን ሰግዶ ሲጨርስ ረጅም ዱዓ አደረገ። የቦዩ ጫፍ ደግሞ ማንም ሳያቅደው ትንሽ ኩሬ ሆነ። በጋ ነው፣ ሌላ ውኃ በአካባቢው የለም። ወፎቹ የመጡት በዚያ በኩል ነው።

ሥራ የሰጠችው እናቴ ናት። ስንዴ አጥባ አስጥታ፣ እረፍት የሌላት ሴት ናትና፣ ረጅም ሸምበቆ ግራ እጁ ላይ አስያዘችውና «ስጡን ይጠብቁልኝ» አለችው። ለ26 ዓመት የጅቡቲን መንገድ ለነዳ ሰው ስጥ ጠባቂነት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ በየሰፈሩ የልጅ ሥራ ነው። አባዬ ግን ምንም አላለም፣ ተቀበለ። ማታ ላይ ስጡ ጎድሎ ተገኘ። በማግስቱም እንዲሁ።

«አንቱ፣ ይኼን ስንዴ ምን በላው?»

«ተሰደቀ።»

«ጠብቁ ብዬዎት አልነበር?»

«ጠበቅኩት እንጂ! ማን ስንት እንደበላ ልንገርሽ?»

እውነትም ሊነግራት ይችል ነበር። ድንቢጦቹ በቡድን መጥተው በቡድን እንደሚነሡ፣ ዋኔዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ዳር ዳሩን ብቻ እንደሚለቅሙ፣ ሁሉም ከመብላታቸው በፊት ቦዩ ላይ ወርደው እንደሚጠጡ አይቷል። መንገድ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል የኖረ ሰው ነው፤ ዓይኑ ሥራ አጥቶ ኖሮ አሁን አገኘ።

የወፍ ስም ግን አያውቅም። የሚያውቀው መኪና ነው፤ ስለዚህ በዚያው ሰየማቸው። ከሰውነቷ የረዘመ ጅራቷን እየጎተተች ጎመናችንን የምትጨርሰው ግራጫ ወፍ «ተሳቢ» ተባለች። ጅራቷን ሳታቋርጥ ከፍ ዝቅ የምታደርገው ነጭና ጥቁር ወፍ «ፍሬቻ» ናት። አመሻሽ ላይ በቡድን እየጮኹ በጣሪያችን ላይ የሚያልፉት ጋጋኖዎች «ክላክስ»፣ ሌሎቹ የጣሉትን ከኋላ ከኋላ የሚለቅመው ዋኔ «ረዳት» ነው። ጭልፊቱ ደግሞ «ትራፊክ» ነው፤ ብቅ ሲል ጓሮው ሁሉ ጸጥ ይላልና። ቀኝ እጁ ብዕር ስለማይዝ የሚጽፍለት ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ስም፣ ብዛት። በሩን ማንኳኳቱን መቼ እንደተወ ልነግራችሁ አልችልም፤ ካምፓስ ነበርኩ። ለእረፍት ስመለስ ግን ሁለቱ አንድ መቀመጫ ላይ ተጣብቀው ደብተር ይዘው አገኘኋቸው። አባዬም «አባ ዑመይር» ብሎ ሰይሞታል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ትንሿ ወፉ እየጠየቁ ያጫውቱት የነበረውን የአነስን ታናሽ ወንድም ታሪክ የማያውቅ በመካከላችን የለም።

በሚቀጥለው ጉዞዬ ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሾው ስለ አፍሪካ ቀንድ ወፎች የጻፉትን፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመውን መጽሐፍ ከአንድ የባዮሎጂ ተማሪ ተውሼ ይዤ ሄድኩ። ሥዕሉን ከጓሮው ጋር እያመሳከርን ሦስት ቀን ፈጀን። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ እንዳለ ስነግረው አባዬ «እኛ ጋ የመጡት ሃያ አይሞሉም፣ ሌሎቹ መንገድ ጠፍቷቸው ነው» አለ። ክላክስ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የማይኖር ሆኖ ተገኘ። ፍሬቻ ደግሞ ክረምቱን ሽሽት ከሰሜን፣ በረሃና ባሕር አቋርጣ የምትመጣ እንግዳ ናት። ይህን ሲሰማ ደብተሩን አስመጥቶ የመጣችበትን ቀን አስፈለገ፤ ጥቅምት 3። «ጉዞዋ ከእኔ ይበልጣል» አለ፣ በአክብሮት።

የገረመው ሌላው ነገር የሩፔል ስም ነው። ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አገራችን መጥቶ ጎንደር ድረስ የዘለቀ ጀርመናዊ ተመራማሪ ነው፤ መጽሐፉን ስትገልጡ አንዱ ጥንብ አንሳ በስሙ ነው፣ አንዱ ቢጫ ወፍ በስሙ ነው፣ አንዱ ዘማሪ ወፍ በስሙ ነው። አባዬ ይህን ሰምቶ «እሱ መጥቶ ከሰየመ እኔ በገዛ ጓሮዬ ተሳቢ ብል ምን አለበት?» አለ። መልስ አልነበረኝም። ሥጋ ቤቶቻችን ላይ የሚያንዣብበው ትንሹ ጥንብ አንሳም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ መመደቡን አነበብን። እኛ የምናባርረው!

ትልቁ ቦታ ግን የግራሩ ነዋሪዎች ነው። ጓሯችን ጥግ ላይ ከቤቱ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ግራር አለ። ክረምት ሲቃረብ ጥቁር ጭንቅላትና ቀይ ዓይን ያላቸው ቢጫ ወፎች ይሰፍሩበታል። ወንዱ ከእናቴ ጠጅ ሣርና ከጎረቤት በቆሎ ቅጠሉን በቀጭኑ እየቀደደ፣ በምንቃሩ እየቋጠረ፣ በሩ ወደ ታች የሆነ ጎጆ ይሸምናል። ሲጨርስ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ሴቷን ይጣራል። ሴቷ ገብታ ትመረምራለች። ካልወደደችው ሥራው ከንቱ ነው፤ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። አባዬ ይህን ለእናቴ ሲያስረዳት ሃያ ዓመት ሙሉ ዘምሞ የኖረውን ማድ ቤት ዞር ብላ አየችና «ወንድስ እሱ!» አለች። ማድ ቤቱን የሠራው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

እንግዲህ ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት እናቴ ዕቁብ ደረሳት። ሐሳቧ ከዓመት በፊት ያለቀ ነው፤ ሁለት ክፍል ሰርቪስ። የአንዱ ኪራይ ለአባዬ መድኃኒት፣ የሌላው ለወንድሜ ትምህርት ቤት። ስሌቱ ምንም አይወጣለትም፤ የሹፌር ደመወዝ ከቆመ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፣ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች በመሸጥ። ግንበኛው መጥቶ ሜትሩን ዘረጋና «ጋሼ፣ ግራሩ ካልተነሣ ሁለት ክፍል አይወጣም» አለ። ያን ጊዜ ዛፉ ላይ 23 ጎጆ ነበር፤ ቁጥሩ ከወንድሜ ደብተር ነው።

አባዬ «ጫጩት አለበት» ብሎ ዝም አለ።

ግንበኛው ከሄደ በኋላ ነው ክርክሩ የተነሣው። አባዬ በጉዞ ላይ የነበሩ ሶሓቦች የአንዲትን ወፍ ጫጩቶች ሲወስዱ፣ እናቲቱ ከበላያቸው እየተርበተበተች ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደርሰው እንዲመልሱላት ማዘዛቸውን በዚያ በቀስታ አንደበቱ ተረከ። ዛፍ ተክሎ ወፍ ከበላለት ሶደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለትም ጨመረ። እናቴ ልጅ ሳለች ቁርኣን ቤት የተማረች ናት፤ አልተበገረችም። ሰው ከሚያወጣው ገንዘብ ሁሉ ምንዳው የሚበልጠው ለቤተሰቡ ያዋለው መሆኑን አስታወሰችው። «ደግሞስ» አለች፣ «ግራሩን አንቱ መች ተከሉት? ወፍ ዘራሽ ነው።»

ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። እኔን እንደ ሸንጎ ዳኛ አዩኝ። ምሕንድስናውም አልገላገለኝም። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የቆየ ዛፍ ሲነቀል ሥሩ ይመጥጠው የነበረው ውኃ እዚያው ይቀራል፤ አፈሩም ለዓመታት እያበጠ ላዩ የተሠራውን ቤት ያነሣዋል። ዛፉ ቢቀር ደግሞ ሥሩ ከመሠረቱ ሥር እርጥበቱን እየሳበ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ከዛፉ ራቅ ብሎ መሥራት ነው የሚሻለው። ራቅ ያለው ቦታ የዶሮ ቤታችን ያለበት ብቻ ነው፤ እዚያ የሚወጣው አንድ ክፍል ነው። ክረምቱ እስኪያልፍ፣ ጎጆዎቹ ባዶ እስኪሆኑ እንጠብቅ ብዬም ነበር። እናቴ «የሲሚንቶ ዋጋስ ይጠብቀናል?» አለች። አይጠብቅም።

ሦስት ቀን በቤቱ ውስጥ ከሰላምታ ሌላ ንግግር አልነበረም። አባዬ ስለ ዛፉ ደግሞ አላነሣም። ጠዋት ጠዋት ወጥቶ ይቀመጣል፣ ወንድሜ ይጽፋል። በሦስተኛው ቀን ከመግሪብ በኋላ እናቴ ቡና አፈላችና በሁለተኛው ስኒ ላይ ወሰነች።

«አንድ ክፍል ይሠራል። ሁለተኛውን ወፎችዎ ተከራይተውታል። ኪራዩን ግን ከእርስዎ ነው የምቀበለው።»

ኪራዩ ምስር መልቀም ሆነ። የምትሸጠውን ሽሮ የምታዘጋጅበትን አተርና ምስር፣ በየቀኑ አንድ ሰፌድ፣ በቀኝ እጁ። በሐኪም የታዘዘለትን የጣት እንቅስቃሴ ከወር በላይ ያልሠራ ሰው ይህን ዕዳ አንድ ቀን አላስተረፈም። መጀመሪያ አንዱን ጠጠር ለማንሣት ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። አሁን ብዕር ባይጨብጥም ማንኪያ ይይዛል።

እኔ ግን እስካሁን ሁለት ክፍል ቢሆን ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ለአባዬም ነግሬዋለሁ፤ ተናዶ አያውቅም። ባለፈው ዓመት መድኃኒቱን በዱቤ ያመጣንባቸው ወራት አሉ፤ ወንድሜም ክፍያው አነስ ወዳለበት ትምህርት ቤት ተዛውሯል። ይህን የምታነቡ «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ቤት ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት ነው የምጽፈው። ዛፉ በነጻ አልቆመም።

ከፍሉን የተከራዩት ከአርሲ የመጡ ሁለት እህትማማቾች ናቸው፤ ዞኑ ውስጥ በፈረቃ ይሠራሉ። ሌሊት ሠርተው ጠዋት ሲገቡ የግራሩ ጫጫታ አላስተኛ አላቸው፤ አርባ ቢጫ ወፍ በአንድ ላይ ሲንጫጫ ሰምታችሁ ከሆነ እነሱ እውነታቸውን ነው። አባዬ ኪራይ እንቀንስላቸው ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ እናቴ ያየችው አስተያየት አሁንም ፊቴ ላይ ነው። በመጨረሻ በግራሩ በኩል ያለውን መስኮት በድርብ መጋረጃና በካርቶን ሸፈንነው። ትንሿ እህት ከሳምንታት በኋላ በእረፍት ቀኗ ከአባዬ አጠገብ ተቀምጣ ስለ ወፎቹ በኦሮምኛ ስትጠይቀው ወንድሜ ያስተረጉም ነበር። አሁን ደብተሩ ላይ ከ«ተሳቢ» ጎን የእነሱ አገር ስምም አለ።

ባለፈው ሰሞን ስደውል አባዬ ከሰላምታው ቀጥሎ «ግቢያችሁ ውስጥ ምን ወፍ አለ?» አለኝ። ፈተና ላይ ነበርኩና እኛ እንደምንለው «ወፍ የለም!» አልኩት። ስልኩ ውስጥ ዝም አለ። ቆይቶ፣ በዚያ በአንደኛ ማርሹ፣ «ያ ሁሉ ዛፍ እያለ? ምን አደረጋችኋቸው?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከዶርም ወደ ጀመዓ ስሄድ እየቆጠርኩ ነው። እስከ ትናንት ሰባት ደርሻለሁ፤ ተሳቢ አለች፣ ረዳት አለ፣ ትራፊክማ ከካፌው ጣሪያ አይጠፋም። ስምንተኛውን አላወቅኩትም። ከዋኔ ያነሰ፣ ጀርባው ሰማያዊ፣ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያብረቀርቅ፣ ዓይኑ ብርቱካናማ ነው፤ ከሱብሒ በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሣሩ ላይ እየተራመደ ይለቅማል። መጽሐፉን መልሻለሁ። የምታውቁት ካላችሁ ከዐሱር በኋላ በእህቶች በኩል ፈልጉኝ፤ ወንድሜ እስከ ጁሙዓ ድረስ ስም ካልላክሽልኝ አባዬ ራሱ ይሰይመዋል ብሎኛል።